የነጋዴውን ስም እንዳያጥቡት

ጥያቄ፦ የምኖረው በማሳቹሴትስ ነው። ባለፈው ወር የአንዲት አሮጊት ሟች የቤት ዕቃ ሲሸጥ አንድ የቆየ አልበም በ45 ዶላር ገዛሁ። በውስጡ 130 የሚያህሉ ባለ ቀለም ካርዶች ተለጥፈዋል፦ ሕፃናት፣ ድመቶች፣ አበቦች፣ የስፌት ክር፣ መድኃኒት፣ ሳሙና። አንዳንዱ ላይ የሱቅ ስም አለ፤ አንዳንዱ ባዶ ነው። በመጨረሻዎቹ ገጾች መካከል ደግሞ 11 ጥቁርና ነጭ የሱቅ ደረሰኞች አገኘሁ። ልጄ ካርዶቹን በውሃ አላቀን አንድ በአንድ በኢንተርኔት እንሽጣቸው ትላለች። እውነተኛ ናቸው? ስንት ያወጣሉ? ሁለቱ ጥቁር ሕፃን በሳሙና ታጥቦ ሲነጣ የሚያሳዩ ናቸው፤ እነርሱንስ ብጥላቸው ይሻላል?

ምላሽ፦ ውሃ ካልጣዱ አይጣዱ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናየዋለን፤ ይህን ግን ወደ ታች ከመውረድዎ በፊት ለልጅዎ ይንገሩልኝ። ያገኟቸው የንግድ ካርዶች ይባላሉ፤ ሱቆች ለማስታወቂያ በነጻ ያድሏቸው የነበሩ ናቸው።

ምክንያቱን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ወደዚህ ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ የተቦጫጨቀ አልበም ላይ አሥራ ሁለት ካርዶች በለብታ ውሃ አስለቀቅሁ። የዚያ ዘመን ልጆች ካርድ የሚለጥፉት በአብዛኛው በዱቄት ሙጫ ነበር፤ እኛም በልጅነታችን የደብተር ሽፋን የለጠፍንበት ዓይነት ነው። ለብ ያለ ውሃ ሲያገኝ ይለሰልስና ካርዱ ያለ ትግል ይላቀቃል። የሥዕሉ ቀለም ደግሞ ቅባት ስላለበት ውሃ አይደፍረውም። አሥራ አንዱ አምረው ወጡ። አሥራ ሁለተኛው ላይ አንዲት ነጭ ድመት ነበረች፤ ከድመቷ በታች በሐምራዊ ቀለም የተመታ የላስቲክ ማኅተም፣ በማኅተሙ ውስጥ የአንድ የገጠር ከተማ ጫማ ሰሪ ስምና አድራሻ። ለማተሚያ ቤት የሚከፍለው ያልነበረው ነጋዴ ባዶ ካርድ ገዝቶ በገዛ ማኅተሙ ይመታበት ነበር። የማኅተሙ ቀለም አኒሊን የሚባል ሰው ሠራሽ ቀለም ነው፤ አኒሊን ውሃ ሲነካው ይሟሟል። የሳህኑ ውሃ ወይን ጠጅ እስኪመስል ድረስ ቆሜ አየሁ። ድመቷ አንድ ፀጉር አልጎደለባትም። እንደ እርሷ ያለች ድመት ዛሬም በሁለት ወይም በሦስት ዶላር ትገኛለች። ጫማ ሰሪውን ግን ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ወረቀት ላይ አላገኘሁትም።

የእርስዎን አልበም ለመረዳት ካርዶቹ እንዴት እንደተሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የኅትመቱ ዘዴ ሊቶግራፊ ይባላል፤ በድንጋይ ማተም ማለት ነው። በ1790ዎቹ መጨረሻ አሎይስ ዜኔፌልደር በባቫርያ የደረሰበት ዘዴ ሲሆን፣ ከዞልንሆፈን በሚወጣ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ ቀለም ይሣላል፤ ድንጋዩ በውሃ ይርሳል፤ ከዚያ የማተሚያ ቀለም ሲዳመጥበት ቅባቱ ይቀበለዋል፣ እርጥቡ ይገፋዋል። በ1837 ፈረንሳዊው ጎደፍሯ ኤንገልማን የባለ ብዙ ቀለሙን ዘዴ፣ ክሮሞሊቶግራፊን፣ በፓተንት አስመዘገበ። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ድንጋይ ያስፈልጋል። ለሕፃኑ ጉንጭ ሮዝ አንድ፣ ለፀጉሩ ቡኒ ሌላ፣ ለሰማዩ ሌላ፤ ወረቀቱ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ በማተሚያው ውስጥ ሲያልፍ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ሳይዛነፍ ማረፍ አለበት። በአሜሪካ ይህን ጥበብ ከሁሉ በላይ ያስከበረው ከብሬስላው ወደ ቦስተን የመጣው ሉዊ ፕራንግ ነው። በ1876 በፊላዴልፊያ የአሜሪካ ነጻነት መቶኛ ዓመት ትርኢት ሲካሄድ ባለ ቀለም የንግድ ካርድ በየእጁ ይታደል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ካርድ የማይሰጥ ሱቅ ማግኘት ያስቸግር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቤታቸው ግድግዳ ባዶ፣ መጽሔታቸው ጥቁርና ነጭ ለነበረ ሰዎች በነጻ የተሰጠ ባለ ቀለም ሥዕል ምን ያህል ብርቅ እንደነበረ ያስቡት። ልጆች ለቅመው አልበም ውስጥ ለጠፉት። የእርስዎም አልበም የዚያ ወረት ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሰብሳቢ ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። አብዛኞቹ ካርዶች ወደ ማተሚያ የገቡት ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በቦስተን ወይም በኒው ዮርክ ትልቅ ማተሚያ ቤት ሥዕሉ በብዙ ሺህ ቅጂ ይታተማል፤ ለስም የሚሆን ባዶ ቦታ ይተውለታል። ከዚያ የአገር ቤቱ ትንሽ ማተሚያ ካርዱን በጅምላ ይገዛና ፊደል ለቃሚው የባለሱቁን ስም ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል ደርድሮ በጥቁር ቀለም ያትምበታል። ያችው አበባ የያዘች ልጅ በሜይን የጫማ ሱቅ፣ በኦሃዮ የቡና ነጋዴ፣ በሌላ ቦታ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ሆናለች። የመጀመሪያው ኅትመት የጋራ ነው፤ ሁለተኛው ግን የአንድ ሰው፣ የአንድ መንገድ፣ ምናልባትም የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዓይናችን የሚሮጠው ወደ መጀመሪያው ነው፤ ብርቁ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው። የለንደኑ የቤት ዕቃ ነጋዴ ሰር አምብሮዝ ሂል የአሥራ ስምንተኛውን ክፍለ ዘመን የነጋዴ ካርዶች ሲሰበስቡ የትኛው ባለሙያ በየትኛው መንገድ፣ በምን ምልክት ሥር ይነግድ እንደነበረ እየለቀሙ ነበር፤ ስብስባቸው ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ለዚሁ ጥቅም ነው። እንዲያ ካልሆነ በስተቀር ካርዱ ቆንጆ ወረቀት ብቻ ነው፤ ቆንጆ ወረቀት ደግሞ ሞልቷል።

ስለዚህ ባዶዎቹን ካርዶች አይናቁ፣ ግን አይመኩባቸው። ከሁሉ በፊት ስም ያለባቸውን ለይተው ይመዝግቡ፤ በተለይ የእርስዎ ግዛት ትንንሽ ከተሞች ስም ያለባቸውን።

እውነተኛ ናቸው ወይ ላሉት፣ በአሮጌ አልበም ውስጥ በአሮጌ ሙጫ እንደተለጠፈ የቆየ ካርድ በራሱ ትልቅ ምስክር ነው። አስመስሎ የተሠራ ካርድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ብቻውን፣ ያውም በመስታወት ፍሬም ውስጥ ገብቶ ነው። ያም ሆኖ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይግዙ፤ ከአልበሙ በጣም ያንሳል ዋጋው። የሕፃኑን ጉንጭ ይዩበት። በድንጋይ የታተመ ከሆነ በእጅ የተነጠቡ፣ መጠናቸውም አቀማመጣቸውም የተለያየ ነጠብጣቦች ያያሉ፤ ሮዙ ራሱን የቻለ ሮዝ ቀለም ነው። የቅርብ ጊዜ ቅጂ ከሆነ ግን ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነጥቦች በሰልፍ ቆመው ትንንሽ የአበባ ቅርጽ ሠርተው ይታያሉ፤ ሮዝ የሚባል ቀለም የለም፣ ዓይንዎ ነው የቀላቀለው። ጥቁሩን ስም ደግሞ ከጎን በኩል በሚመጣ ብርሃን ያስተውሉት፤ የእርሳስ ፊደል ወረቀቱን በጥቂቱ ይጫነዋል፣ የፊደሉም ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተገፍቶ ጠቆር ይላል። የአልትራቫዮሌት መብራት ካገኙ በጨለማ ክፍል ያብሩት፦ ወረቀቱ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ከበራ ከ1950 ገደማ በኋላ በወረቀት ውስጥ መጨመር የጀመረው ማንጫ አለበት ማለት ነው። የድሮው ካርድ ደብዘዝ እንዳለ ይቀራል።

አንድ ካርድ ካጋጠመዎት ግን መነጽርዎን ሁለት ጊዜ ይጥረጉ፦ ሁለት ልጆች እንጨት ሲደረድሩ የሚያሳየው፣ ከኦልባኒ ከተማ የወጣው የ1885 የኮኬይን የጥርስ ሕመም ጠብታ ማስታወቂያ። እንደ እርሱ በብዛት የተባዛ ምስል ጥቂት ነው፤ ሰው ሁሉ ስለሚገረምበት።

ዓመቱን ለማወቅ ሥዕሉ ራሱ ይረዳዎታል። ትልቅ ዝሆን ያለበት የክር ካርድ ካለ ጃምቦ ሊሆን ይችላል፤ የሰርከስ ባለቤቱ ባርነም ከለንደን መካነ እንስሳት የገዛው በ1882 ስለሆነ፣ የአሜሪካ ክር ነጋዴዎች እየተሻሙ ዝሆኑን በክራቸው ሲጎትቱት የሣሉት ከዚያ ወዲህ ነው። በ1885 በካናዳ ባቡር ገጭቶ ገደለው። (ለእኛ ቅርብ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ ግልገል ሳለ የተያዘው በሱዳን በኩል ነው።) የብሩክሊን ድልድይ ካለበት ግን ይጠንቀቁ፤ ድልድዩ የተከፈተው በግንቦት 1883 ቢሆንም ማስታወቂያ ሠሪዎች ሥራው እስኪያልቅ የሚታገሡ አልነበሩም። የነጋዴው አድራሻ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፦ በየከተማው በየጊዜው ይታተሙ የነበሩ የነዋሪዎችና የነጋዴዎች ማውጫዎች በአካባቢዎ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ሰውዬው በዚያ ቁጥር ሱቅ የነበረው ከየትኛው እስከ የትኛው ዓመት እንደሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ያገኙታል።

ማሳቹሴትስ በመሆንዎ መድኃኒቶቹን በትዕግሥት እንዲያዩ እመክራለሁ። ካርድን እንደ ዘር ከዘሩት የመድኃኒት ድርጅቶች ሁለቱ፣ ኤየር (Ayer) እና ሁድ (Hood)፣ የሎዌል ከተማ ሰዎች ነበሩ፤ የሴቶች መድኃኒት የምትሸጠው ሊዲያ ፒንከም ደግሞ የሊን ሴት። የእርሷ ካርድ ላይ ረጋ ያለ የአያት ፊት ያያሉ፤ የራሷ ምስል ነው፣ እርሷ በ1883 ከሞተች በኋላም ለብዙ ዓመት ሲሸጥ ኖሯል። በጠርሙሱ ውስጥ ከዕፅዋቱ ጋር ወደ 18 በመቶ የሚጠጋ አልኮል ነበረበት፤ መጠጥ ነውር ነው በሚባልበት ቤት ያሉ እመቤቶች በማንኪያ እየለኩ ይወስዱት ነበር። የወይዘሮ ዊንስሎው የሕፃናት ማስታገሻ ካርድ ካለዎት እርሱ ላይ ትንሽ ይቆዩ። እናት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ሁሉም ነገር ለስላሳ፣ ሁሉም ነገር ወርቃማ። ሽሮፑ ውስጥ ያለው ሞርፊን ነው። እንዲህ ያሉ ነገሮች በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፉ ሕግ ያስገደደው በ1906 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሥዕሉ ብቻ ነበር የሚናገረው። እኔ ከውበታቸው ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው፦ ያን ያህል ድንጋይ፣ ያን ያህል ቀለም፣ ያን ያህል የእጅ ጥበብ ለዚያ ጠርሙስ።

እንዲህ ያሉት ካርዶች ብዙ ጊዜ ጀርባቸው ላይ ረጅም ጽሑፍ አላቸው፤ የመድኃኒቱ ዝርዝር፣ የተፈወሱ ሰዎች ደብዳቤ፣ ዋጋ። በአልበም ላይ ተለጥፈው ስላሉ ማንበብ አይችሉም፤ ልጅዎን ለውሃ የሚገፋፋትም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሌላ መንገድ አለ። የአሜሪካ የጥንት ኅትመቶች ማኅበር በዉስተር ከተማ፣ የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ቤከር ቤተ መጻሕፍትና የቦስተን ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ካርዶች አሏቸው፤ ከፊሎቹን በኮምፒውተር ማየት ይቻላል። የእርስዎን ካርድ መንትያ እዚያ ያግኙና ጀርባውን ያንብቡ። ማኅተምና በእጅ የተጻፈ ነገር የሌለበት፣ የወርቅ ብናኝ ያልተነሰነሰበት አንድ ካርድ ጥጉ ራሱ ተላቆ ቢያገኙት ከዚያ በኋላ የወረቀት ጥገና ባለሙያ ማማከር ይችላሉ። 130ውን ግን ማንም ባለሙያ በገንዳ አይነክርልዎትም።

አሁን ወደ ደረሰኞቹ። ለእኔ የጥያቄዎ ጣፋጭ ክፍል ይህ ነው። ጥቁርና ነጭ ናቸው ብለዋል፤ ራስጌያቸውን እንደገና ይዩት። በአብዛኛው በብረት የተቀረጸ የፋብሪካ ምስል፣ የሜዳሊያ ሰልፍ፣ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ፊደል ይኖራል። ፋብሪካው ከእውነቱ ሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ ጭስ ማውጫዎቹ ሁሉ ይጨሳሉ፣ ጭስ በዚያን ጊዜ ብልጽግና ነበርና። የዓመቱ የመጀመሪያ ሦስት አኃዞች ታትመው አራተኛው በብዕር የሚሞላ ከሆነ ወረቀቱ የታተመበትን አሥር ዓመት አገኙ ማለት ነው። ትንሽ የሁለት ሳንቲም የቀረጥ ቴምብር ከተለጠፈበት በአብዛኛው የ1860ዎቹ ነው፤ ለእርስ በርሱ ጦርነት ገንዘብ ለማግኘት የተጣለ ግብር ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ካርዱ የሚመኘውን ሲናገር ደረሰኙ የሆነውን ይናገራል፦ ማን ገዛ፣ ስንት ክንድ ጨርቅ፣ በስንት፣ ከፍሎ ነው ወይስ በዱቤ። አንድ ቤተሰብ ለክረምት ምን እንደገዛ የሚያሳዩ 11 ወረቀቶች፣ ያ ቤተሰብ ካርዶቹን ከለጠፈችው ልጅ ጋር አንድ ከሆነ፣ ለአካባቢው የታሪክ ማኅበር ከድመቶቹ ሁሉ ይበልጣሉ። በእኛ አገር ይህን መሰሉ ወረቀት የበርበሬና የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ አልቋል፤ የአዲስ አበባን የድሮ የአርመንና የህንድ ሱቆች ደረሰኝ ፍለጋ የተንከራተተ ሰው ይህን አይስተውም። እባክዎ ከገቡበት ገጽ ሳይነጥሉ ያኑሯቸው።

የሳሙናውን ሁለት ካርዶች በተመለከተ፣ ማፈርዎ ይገባኛል፤ እንደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በቀጥታ የሚነኩን ናቸው። «ኢትዮጵያዊን አጥቦ ማንጣት» ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ የከንቱ ድካም ምሳሌ ነው፤ በኤዞፕ ስም በሚነገሩት ተረቶችም አለ፤ ነቢዩ ኤርምያስም የኢትዮጵያዊውን መልክ ከነብሩ ዝንጉርጉርነት ጋር አንሥቶ ጠይቋል። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሳሙና ሻጮች የማይቻለውን እኛ ቻልነው ለማለት ይህንኑ ገልብጠው ተጠቀሙበት። የእንግሊዙ ፒርስ ሳሙና በ1884 ያወጣው ማስታወቂያ ከአንገቱ በታች የነጣ ጥቁር ሕፃን ያሳያል። በዚያ ዘመን በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ስም ለማንኛውም ጥቁር ሰው ይሰጥ ነበር፤ ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ ያጠቆሩ ነጭ ዘፋኞች እንኳ ራሳቸውን «ኢትዮጵያውያን» ብለው መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። ካርዶቹን አይጣሉ። ብንጥላቸው የምንረዳው ያንን ሳሙና ሻጭ ነው፤ ማስረጃውን እናጠፋለታለን። በቤትዎ ማቆየት ከከበደዎት በሚሺጋን በፌሪስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ በአሜሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓት መጠሪያ የተሰየመው የጂም ክሮው ሙዚየም እንዲህ ያለውን ነገር ሰብስቦ ለትምህርት ያሳያል፤ ጽፈው ይጠይቋቸው። እኔ በበኩሌ አንዱን የሳሙና ካርድ ከአድዋ ድል በኋላ ከታተመ፣ አፄ ምኒልክን ከነዘውዳቸው ከሚያሳይ የፈረንሳይ ቸኮላት ካርድ ጋር በአንድ ገጽ ላይ አኑሬዋለሁ። በመካከላቸው ያለው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው።

ዋጋን በአጭሩ ላንሣ፤ ሰው የሚጠብቀውን ያህል አይደለምና። የተለመደ ሕፃን፣ ድመት፣ አበባ ያለበት ካርድ ከጥቂት ዶላር አያልፍም፤ ከአልበም የተላቀቀና ጀርባው የተላጠ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ሰብሳቢዎች በመቶዎችና ከዚያ በላይ የሚከፍሉባቸው አሉ፦ በ1850ዎቹና 60ዎቹ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሄዱ ፈጣን የሸራ መርከቦች ካርድ፣ ሳንቲም ሲሰጡት የሚንቀሳቀሱ የብረት ሳንቲም ማጠራቀሚያዎች ካርድ፣ የቤዝቦል ተጫዋቾች። ከእነዚህ አንዱ ካለዎት አልበሙን ሳይነኩ ፎቶውን ለሁለት የተለያዩ ጨረታ ቤቶች ያሳዩ። ከሌለዎት ልጅዎ 130 ካርድ አላቃ፣ ፎቶ አንሥታ፣ ፖስታ አሽጋ የምታገኘው ገንዘብ ለድካሟ አይበቃም። ሙሉ አልበምን እንደ ሙሉ አልበም የሚፈልጉ ገዢዎች ግን አሉ፤ የልጅቱ የራሷ አደራደር፣ የቱን ከቱ ጋር እንዳጎዳኘች፣ ስለሚታይበት።

እስከዚያው እያንዳንዱን ገጽ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሡ። በገጾቹ መካከል አሲድ የሌለበት ስስ ወረቀት ያስገቡ፤ ጀርባው እንዳይወጠር ብዙ አያድርጉት። አልበሙን አግድም አስተኝተው በካርቶን ሣጥን ውስጥ፣ ሰው በሚኖርበት ክፍል ያስቀምጡት፤ ምድር ቤት ይሻግታል፣ ጣሪያ ሥር ይደርቃል። የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ወረቀት ይበላል፤ ለደረሰኞቹ ከፈለጉ ፖሊስተር የሆነውን ይጠይቁ። ተለጣፊ ፕላስተር የሚባል ነገር በአጠገቡ አይለፍ።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ማታ ያድርጉልኝ። የሽፋኑን ውስጠኛ ገጽና የመጀመሪያውን ቅጠል ከጎን በሚመጣ የእጅ ባትሪ ብርሃን ይዩ፤ የእነዚህ አልበሞች ባለቤቶች ስማቸውን በእርሳስ እዚያ ይጽፉ ነበር፣ እርሳሱ ደብዝዞ ዓይን ያመልጠዋል። ስም ካገኙ በደረሰኞቹ ላይ ካለው የገዢ ስም ጋር ያስተያዩት፤ ከዚያ በ1880 ወይም በ1900 የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ይፈልጓት። የ1890ውን አይድከሙበት፤ አብዛኛው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ እሳት ምክንያት ጠፍቷል።